ማንም ሳይሞት ወደ ደምቢ ዶሎ

በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከአገር አገር የሚሄድበት ምክንያት ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ የሚዳር አለ፣ ወይ የሚቀበር አለ። የታመመ መጠየቅስ የሚል ይኖራል፤ እሱ ወደ ሁለተኛው የሚያደርስ ፌርማታ ስለሆነ ለብቻው አልቆጥረውም። "ጓደኛዬ ናፈቀችኝና ላያት ነው" ብላችሁ እስቲ ተነሡ! ልጆቻችሁ እጃቸውን ግንባራችሁ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ፍለጋ። ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኤኙ ዱኤ?" ይላል፣ ማን ሞተ ማለቱ ነው። ማንም አልሞተም ስትሉት ይብሱን ይደነግጣል። አሮጊት ስትናፍቅ ስልክ ነው የሚደወልላት፤ "በይ አውሪያት፣ ቶሎ በይ ባትሪው ሊያልቅ ነው" ተብሎ ጆሮዋ ላይ ይለጠፍባታል። ናፍቆት በዚህ ከወጣ እኮ እኔም ጥርሴን በስልክ አስነቅል ነበር።

እኔን የናፈቀችኝ ከድጃ ናት። በክፉው ዘመን ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነን፣ እኔ ማተቤን እሷ መቁጠሪያዋን ይዘን ኪራሙ የወረድን ሴቶች ነን። ጎጇችንን ጎን ለጎን ቀለስን። ሥጋችንን ለየብቻ፣ ሐሜታችንን ግን በአንድ ድስት ነበር የምንሠራው። ኋላ ሾፌር አገባችና ደምቢ ዶሎ ወሰዳት። እኔም ኪራሙ አላስቀምጥ ሲለኝ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ልጄ ብርቱካን ቤት ገባሁ። ከተለያየን ወዲህ የተገናኘነው ሁለቴ ነው፤ አንዴ በባሌ ለቅሶ፣ አንዴ በባሏ። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ምን ጨዋታ አለ? ሦስት ቀን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን የተነጋገርነው "እግዜር ያጽናሽ"፣ "አላህ ያጽናሽ" ብቻ ነው። እኔ ከመሠረተ ትምህርት በላይ አልዘለቅሁም፤ ቢሆንም የሚቀጥለው መገናኛችን የማን ቀብር እንደሚሆን ለማወቅ ትልቅ ሂሳብ አያሻም። ወይ የሷ ነው፣ ወይ የኔ። በየትኛውም ቢሆን አብረን አንስቅም። እምቢ አልኩ! አንዳችን ሳንቀበር አንድ ቀን እንስቃለን አልኩ።

ይህን ለብርቱካን ብነግራት ደስ አላትና ለባሏ ነገረችው። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። አማቼ ቢሮ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ሽንኩርት እንኳ ያለ ዕቅድ አይከትፍም። "እማማ፣ በዕቅድ ይያዝልዎት" አለኝ። ተያዘልኝ። እስረኛ እንኳ እንዲህ አልተያዘ። ከመስቀል በኋላ ተባለ፤ መንገዱ ተዘጋ። ከፋሲካ በኋላ ተባለ፤ ብቻዬን መሄድ ስለማይገባኝ የሱ ፈቃድ ተጠበቀ፣ ፈቃዱ አልጸደቀም። ክረምት ገባ፤ ጉልበቷን ብርድ ይመታዋል ተባለ። ጉልበቴን ማንም አልጠየቀውም።

ደግሞስ የኛን መንገድ ማን አቅዶት ያውቃል? አንድ ሳምንት ክፍት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት "ዛሬ መኪና አልወጣም" ይባላል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። እንዲህ ላለው መንገድ ዕቅድ ማውጣት ለድመት ቀጠሮ መስጠት ነው። እኔ ከኪራሙ ስወጣ ማንም ዕቅድሽ የታለ አላለኝም። ዶሮዬን ብብቴ ሥር ወሽቄ ወጣሁ፣ አለቀ።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ታዲያ ከጎረቤቴ ከአዴ ጫልቱ ጋር መናኸሪያ ወረድን። አዴ ጫልቱ የነቀምቴ ተወላጅ፣ የዕድር ጓደኛዬ ናት። እሷ በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ስትቆጣ ብቻ ወደኔ ቋንቋ ትመጣለች፣ ስድብ በአማርኛ ይጣፍጣል ትላለች። የወረድነው ለመሄድ አልነበረም። ለከድጃ የፈጨሁላትን በሶ በሾፌር እጅ ለመላክ ነው። ረዳቱ ፌስታሉን ተቀብሎ መቀመጫ ላይ አኖረው፤ መስኮት አጠገብ፣ ደህና ቦታ። አየሁት። በሶው ደምቢ ዶሎ ይሄዳል፣ እኔ ቡርቃ ጃቶ እመለሳለሁ። ከበሶ አነስኩ? ይህንኑ ለአዴ ጫልቱ ብነግራት በሶውን አየች፣ እኔን አየች፣ "ሃ ዴምኑ!" አለች። እንሂድ ማለቷ ነው። ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ለብርቱካን እንድትነግርልኝ የመናኸሪያዋን ቆሎ ሻጭ አደራ አልኳት፤ ግን ከቀትር በኋላ። ስልካችንን አጠፋን። ለከድጃም አልደወልንም፤ ምክንያቱም ከድጃ ምስጢር ከነገሯት ለመንደሩ ካላካፈለች ምግብ አይወርድላትም። ያን ጊዜውኑ ለብርቱካን ደውላ "እልልል መጣችልኝ!" ትላታለች፤ እኛም ጊምቢ ላይ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ እንወርዳለን። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ያለ ዕቅድ ሄደች የሚሉኝ ይስሙ።

በመንገዱ ላይ ያልጠየቀን የለም። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ሠርግ ነው ወይ አለ፤ አይደለም። እንግዲያው ነፍስ ይማር አለ። ነፍሱ ያልወጣ ሰው ነው፣ ምኑን ይማራል ስለው ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ኬላው ላይ የወረድን ጊዜ ፈታሹ ወታደር መታወቂያዬን ገልብጦ አይቶ "እማማ፣ ለቅሶ ነው?" አለኝ። ለሳቅ ነው አልኩት። ደግሞ አየኝ። "ሳቅ ነቀምቴ የለም?" አለ። ልጄ፣ ዕቅድ ውስጥ አልገባም አልኩት። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ጣልቃ ገብታ፣ ይቺ ሴትዮ ትንሽ ይነካካታል ብላ አሳለፈችኝ። እስከ ጊምቢ አላናገርኳትም።

ደምቢ ዶሎ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የደረሰብን ሁሉ ከባለጌነት ሳይሆን ከጨዋነት ነው የመጣው። እኔ በመሸ ጊዜ የሰው በር አልቆረቁርም። ሰው ሲደነግጥ ያድራል፣ ራት ምን ላቅርብ ብሎ ይጨነቃል። እዚያው መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘን አደርን፤ ማልደን እንሄዳለን አልን። ሲነጋጋ መብራት ስላልነበረ ነጠላዬን በዳሰሳ ለበስኩ።

ቤቷን በደንብ አላስታውሰውም ነበርና ከጠዋት ጸሎት የሚመለሱ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አስቆምን። ስማቸው ኦቦ ተርፋሳ ነው። "አካም ቡልተን" ብለው እንዴት አደራችሁ ካሉን በኋላ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከነቀምቴ፣ ወደ ከድጃ ቤት ነን፣ ትናንት ሲመሽ ገብተን እስኪነጋ ጠብቀን ነው አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደግ አደረጋችሁ፣ ይህ ነገር ለምሽት አይሆንም አሉ። አያችሁ የአገሩን ጨዋነት! እኔ ራሴ አደርሳችኋለሁ ብለው ከፊት ከፊት ሄዱ፣ ለምን እንደመጣን እንኳ ሳይጠይቁ።

በየደጁ ሲያልፉ በከዘራቸው አጥሩን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሰው ብቅ ይላል፤ በአገጫቸው ወደኛ ይጠቁማሉ። ወጪው ሁሉ ምንም ሳይናገር ነጠላውን ይከናነብና ይከተለናል። አንዲት ሴት እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሆዴ ባባ! ለአዴ ጫልቱ በጆሮዋ፣ ነቀምቴ እንዲህ አድርጎ እንግዳ የሚቀበል ሰው አለ? አልኳት። እሷ ይህ ሰልፍ አላማረኝም አለች። አገርሽ ስለተበለጠ ከፍቶሽ ነው አልኳት።

ከድጃ በሩን የከፈተችው ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ በጣሳ ይዛ ነው። ኦቦ ተርፋሳን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ አየች። ከኋላቸው ዝም ያለውን ሕዝብ አየች። ከፊት እኔን አየች፤ ከነቀምቴ፣ በዚህ ማለዳ፣ ሳልደውል። ጣሳው ወደቀ። "ሰይድዬ! ወይኔ ሰይድዬ! ልጄን አረዱኝ!" ብላ ጮኸች። ሰይድ ልጇ ነው፤ እንደ አባቱ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። እንደምን አደርሽ ሳልላት ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ አፈፍ አደረጓት፣ ራሷን እንዳትጎዳ።

አሁን ምን አለፋችሁ፤ ያጠፋሁት ካለ ይህን ነው። እሷ ስትጮህ ሳይ፣ ሰይድ ሞቶ እኔ ሳልሰማ የደረስኩ መሰለኝ። ያን ልጅ ኪራሙ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ፌስታሉን ጥዬ ደረቴን እየደቃሁ "ሰይድዬ!" አልኩ። የኔን ለቅሶ ሲያዩ የቀረውም ጥርጣሬ ጠፋ፤ ግቢው ተደበላለቀ። እሷ እኔን እያየች ታለቅሳለች፣ እኔ እሷን እያየሁ አለቅሳለሁ። የዕድሩ ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ደረሱ። ዕድራቸው እንዴት ያለ ቀልጣፋ ነው! የኛ ቢሆን እስከ ቀትር ቁልፍ ሲፈለግ ይዋላል።

መሐል ቆማ ያላለቀሰችው አዴ ጫልቱ ብቻ ናት። በሬ በሚያስደነግጥ ድምፅ "ኤኙ ዱኤ?" ብላ ጮኸች። ማን ሞተ? ማን ነገራችሁ? ሁሉም ወደ ኦቦ ተርፋሳ ዞረ። ኦቦ ተርፋሳ ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ ከድጃ። ከድጃ ወደኔ። አንዲት ብልህ ልጅ ስልክ አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ጠራ፣ ጠራ። "ሄሎ፣ ቁርስ ላይ ነኝ፣ ምንድነው?" አለ ሟቹ፣ አፉ ሙሉ።

ከዚያ በኋላ የተሰደብኩትን ስድብ ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ከወሎ የመጣ ጥሩ ጥሩ ነገር ነበረበት። ከድጃ አመዷ ቡን ብሎ፣ "አንቺ እርጉም! ልትገድይኝ ነው የመጣሽው? ደግሞ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ!" አለችኝ። ዝቅ ብዬ ባይ እውነትም ጥለቱ ላይ ሆኗል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለብሼዋለሁ። መብራት አልነበረም አልኩ። ማን ይሰማኛል? በይ ተናገሪ፣ ማንም ካልሞተ በዚህ ማለዳ ለምን መጣሽ? አለች። ልታስወጣኝ እንደሆነ ዓይኗ ይናገራል። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁለት ሳቅ ቀርቶ ጓደኛም ላጣ ነው። ይቅርታ ልለምን አሰብኩ፤ አንደበቴ አልለመደውም።

እንግዲያው እውነቱን ነገርኳት። ከድጃ፣ ሁለቴ ተያየን፣ ሁለቴም በድንኳን፤ ሦስተኛው ላይ ከሁለታችን አንዳችን አንናገርም፤ አሁን አፍሽ ሳለ ልስማሽ ብዬ ነው የመጣሁ፤ ደስ ካላለሽ በሶሽን ተቀበይኝና እሄዳለሁ አልኳት። እኔን አየች፣ የተበተነውን በሶ አየች፤ ከዚያ የድንኳኑን ብረት ትከሻቸው ላይ ይዘው "እንትከል ወይስ አንትከል?" ብለው የሚጠብቁትን ጎረምሶች አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አሁንም የምታለቅስ መስሏቸው ሴቶቹ ሊይዟት ተንደረደሩ። ሳቅ ነበር። ጥርሷ አልቋል፣ ሳቋ ግን ሰባራ እንኳ የለውም። መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ተቃቅፈን፣ ለለቅሶ የመጣ ሕዝብ ፊት እስኪያመን ሳቅን።

ከድጃ አንድም ሰው አይወጣም አለች። ሊያለቅስልኝ የመጣ ሁሉ ቁርስ ይበላል ተባለ፤ ድንኳኑም ለጥላ ተተከለ። ኦቦ ተርፋሳ አፍረው ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ገንፎውን እንዲቀምሱ ብለምናቸው በቀስታ አወሩኝ። ነጆ አንድ አብሮ አደግ አላቸው፤ ብዙ ዘመን አልተያዩም። ልሂድ ስል ልጆቼ በኋላ ይላሉ፣ ብሄድም እንዲህ እንደዛሬው ሰው ይደነግጣል አሉ። ይደንግጥ እንጂ! አልኳቸው፤ ደንግጦ የተመለሰ ልብ እንዴት እንደሚስቅ አይተዋል። ገንፎውን ጨረሱ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጎልማሶች፣ የኦቦ ተርፋሳ ልጆች፣ ፊታቸው ጠቁሯል። አባታችን ከዘራውን ይዞ በመጀመሪያው መኪና ወጥቷል፤ ትናንት እዚህ ምን መርዶ ነገራችሁት? ነጆ ማን ሞቶ ነው? አሉ። መልሴን ለማዘጋጀት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ትናንት በሕዝብ ፊት የረገመችኝ ከድጃ በክንዷ ገፍታኝ ወደፊት ወጣች። "ማንም አልሞተም! ሰው በገዛ እግሩ ሲሄድ ደስ ይበላችሁ፤ በሰው ትከሻ የሚሄድበት ቀን መች ይቀራል!" ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

ያን ንግግር እኔ ነበርኩ ያሰብኩት። ቀድማ ነጠቀችኝ። እንግዳ ነኝና ዝም አልኩ።