እስከ ክርን

የባሕር ዓሣ ቤቱ የሚያኖር ሰው ሁሉ በሰፈሩ አንድ ቶርኪል አያጣም። እኔ ሰፈር የለም የሚል ካለ፣ ቶርኪል ራሱ ነው ማለት ነው።

የኛ ክቡር ቶርኪል የሚኖሩት እዚሁ የወደብ ከተማችን ኤስቢየር፣ ከኔ አጥር ማዶ ነው። ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው። ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን፤ አንቱታው ለማዕረጋቸው የጨመርኩላቸው ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ባለው የጨው ውኃ ገንዳ አዲስ ዓሣ እንዲሁ ዘው አይልም። መጀመሪያ መኝታ ቤት ባለው ባዶ ገንዳ ለብቻው ሳምንታት ይቆያል፤ ተባይ ይዞ እንደሆነ እዚያው ይታከማል። ይህስ ደግ ነው። ጣጣው ሕጉ ለሰውም መሥራቱ ነው።

«እጅህን እስከ ክርን ታጠብና ግባ» ይላሉ፣ ከሰላምታ በፊት። ለልደታቸው የመጡት ቄስ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማጠቢያው ጋ ተሰልፈዋል። እህታቸው በሪባን ያሰረችውን የባሕር ድንጋይ ስጦታ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ዓይኗ እያየ ባልዲ ውስጥ ነክረው ለብቻው አስቀመጡት። ሴትየዋ ተቀይማ እስከ ፋሲካ ድርሽ አላለችም።

«ተባይ በጠላት አይመጣም፤ በወዳጅ ነው የሚመጣው» ብለው ተረቱባት።

ባለፈው ኅዳር የኔም ዓሣ ገንዳ የጨው መጠን አጠራጥሮኝ ጠራኋቸው። የራሳቸውን መለኪያ ይዘው መጡ፣ እስከ ክርን ታጠቡ፣ መለኪያውን ነከሩ፣ «ደህና ነው» ብለው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሶፉስ ታመመ። ሶፉስ ብርቱካንማ ዓሣዬ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ልጄ ዊበከ በሕፃንነቷ ነው፣ ዛሬም ስትደውል ከኔ በፊት የምትጠይቀው ስለ እሱ ነው። ገላው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ፣ ውኃው አናት ላይ ሆኖ ያለከልካል። እየሮጥኩ አጥሩን አንኳኳሁ።

ቶርኪል በባትሪ ከጎን አብርተው አዩት።

«አዲስ ዓሣ አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

«ቀንድ አውጣ? ድንጋይ?»

«ምንም አልኩህ እኮ። ልትመረምረኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልታድነው?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ሁሉንም ዓሣ አውጣ። መድኃኒቱ መዳብ ነው፤ እዚህ ከጨመርነው ሽሪምፕህንና ኮራልህን ይፈጃል። እኔ ጋ ይታከሙ። ተባዩ ያለ ዓሣ በረሃብ እስኪያልቅ ገንዳህ ባዶውን ይቆይ።»

ዓሣዎቹን ሊወስዱበት ባልዲ ካነሱ በኋላ መልሰው አስቀመጡት።

«መኝታ ቤት ያሉት አዲሶቹ ዓሣዎቼ በዚሁ በሽታ ታመው ነበር። የዚያን ቀን ያመጣሁት መለኪያ ከነሱ ገንዳ የወጣ ነው። እጄን ታጠብኩ፣ እሱን ግን አላጠብኩትም። ያስገባሁብህ እኔ ነኝ።»

ባይናገሩ ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ግን ያኔ ይህን ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። ደሜ ፈላ።

«በወዳጅ ነው የሚመጣው ብለህ የለ» አልኳቸው።

ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ባልዲው ውስጥ አስገቡ። ባልዲውን አቅፈው ወጡ።

መዳብ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ሲበዛ ዓሣውን ይገድላል፣ ሲያንስ ተባዩን አይነካውም። ቶርኪል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠብታ ይጨምራሉ፣ ይለካሉ፣ የናሙናውን ቀለም መስኮት ብርሃን ላይ ከሰንጠረዡ ጋር ያመሳክራሉ፣ ደግሞ ይለካሉ። ሶፉስ ገንዳው ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። እኔ ወዲያ ወዲህ ስል «ተቀመጥ፣ ይደነግጣል» ይሉኛል። ዊበከ ስትደውል ስልኩን ማንሳት ፈራሁ። ምን ብዬ ልንገራት?

አንድ ቀን ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ።

«በላ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ።

ገንዳዬ ከተባይ ጸድቶ ሶፉስ ቤቱ ሲመለስ፣ ቶርኪል እደጃፌ ድረስ አምጥተው ባልዲውን አስረከቡኝና ሳይገቡ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሊያዩት ሲመጡ አበባ መደቡ ላይ ቆመው፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ በመስኮት ነው።

«ግባ እንጂ» እላለሁ።

«እዚህ ይሻለኛል።»

ክቡርነታቸው ራሳቸውን ለብቻ አግልለው ነበር። በራሳቸው ላይ ስንት ሳምንት እንደፈረዱ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አየኋቸው፤ ባርኔጣቸው ውኃ ያንጠባጥባል፣ ሶፉስ ሲዋኝ አፋቸው አብሮ ይከፈታል። አንጀቴን በሉት።

የወጥ ቤቱን በር ከፈትኩና ቧንቧውን ለቀቅኩት።

«እጅህን እስከ ክርን ታጠብና ግባ» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገቡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ብዙ ታጠቡ። ሲጨርሱ ያንን መለኪያ ከኮታቸው ኪስ አወጡና እሱንም ያጥቡት ጀመር። ያፈላሁላቸው ቡና እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኳቸው።