ሙንተሲር ሳይስማሙ አያጋባም

እስቲ ያንን ቆቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ የተቀመጠውን ሰውዬ እዩት። በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው የሚጨፍርበትን እሱ ይለካል። የእኛው ክቡር ዲጄ ሙንተሲር ይባላሉ። ባጃጅ ሲያልፍ "በደቂቃ መቶ አርባ ትመታለች" ይላሉ። የመስኖ ፓምፕ ሲያጓራ "ድምፁ ትንሽ ወርዷል" ብለው ያዝናሉ። አንቱታው ይብቃው፤ ተናድጃለሁ።

ሥራው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዋሃድ ነው። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ከሥሩ ሲያስገባ ፍጥነታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ዜማቸው የሚነሳበት ድምፅም መዋደድ አለበት። ካልሆነ እንደ ጣውንት ይነካከሳሉ። ከአፉ የማትጠፋ አንድ ቃል አለችው፦ "ሳይስማሙ አታጋባቸው!"

እኔም ዲጄ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ማይኩ ላይ "እልል በሉ እንጂ!" ብዬ እጮህና ሌላውን እለቅቃለሁ። ማን ሞተ? እሱ ከደሴ ከመጣ ወዲህ ግን ጎብዬም ሮቢትም ያለው የአካባቢው ሰርገኛ ሁሉ "ሙንተሲር ካልሆነ" ሆነ። አንድ ጠዋት ቁርስ ቤት አገኘኝና "ወንድሜ፣ ትናንት ያጋባሃቸው ሁለቱ ዘፈኖች እስካሁን ፍርድ ቤት ናቸው" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሻዬን ግን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ይባስ ብላ የገዛ እህቴ ዘኪያ ልታገባ ስትል "ወንድምዓለም፣ በሰርጌ እንግዳ ሁን፤ ሙንተሲር ይጫወት" አለችኝ። አላህ ይየው! ሲዋረድ ለማየት የሰርጉ ዕለት ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

የፈረንጁን የዳንስ ሙዚቃ ሲያጫውት ቆይቶ የኛን የራያ ጭፈራ ሊያስገባ ሲል፣ ኮምፒዩተሩ የራያውን ምት ከእውነተኛው ቀርፋፋ አድርጎ አነበበው። ደሴ ያደገ ሰው የኛን እግር ከየት ይወቀው? ቁጥሩን አምኖ ሊያፈጥነው መሆኑን ስክሪኑ ላይ አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በእህቴ ሰርግ አፌን ዘጋሁ።

ዘፈኑ እንደተባረረ ሚዳቋ ፈረጠጠ። ዱላ ይዘው የሚጨፍሩት ጎረምሶች እግራቸው ተጠላለፈ፤ ጭብጨባው ተበተነ። ዘኪያ ቀሚሷን እንደያዘች ቆማ አየች፤ እሱን ሳይሆን እኔን።

"አንተ፣ ስክሪኑን ተወው! እግሬን እይ!" ብዬ ዘልዬ ገባሁና መሬቱን ረገጥሁለት።

ሙንተሲር ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኖ እግሬን አየ፤ ዘፈኑን ወደ እግሬ መለሰ። ከዚያ ድምፁ የሚዋደደውን የፈረንጅ ከበሮ መርጦ ከሥሩ ቀስ አድርጎ ሲሰድድበት፣ የቱ የት እንዳለቀ እኔም አላወቅሁም። በኔ ሙዚቃ አንድ ቀን ትከሻዋን ነቅንቃ የማታውቀው እናቴ ኡሙልኸይር ተነስታ ገባች!

እሱ ደግሞ ማይኩን አንስቶ "ምቱን ያቃናው የሙሽራዋ ወንድም ነው!" አይል መሰላችሁ? ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ቀድመህ አይተኸው ነበር፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ቅዳሜ ጎብዬ ሰርግ አለኝ። አብረኸኝ ና፤ እግርህ ያስፈልገኛል።"

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርገው ይጠሉታል? ሞክሬያለሁ፤ እምቢ አለኝ። ሰርግ ያላችሁ ሁሉ፣ ሁለታችንን ጥሩን። ለብቻዬ ግን፣ እባካችሁ፣ አትጥሩኝ።