ቅዳሜ ዋልያ እናያለን ያልኩ ዕለት

ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ መንገድ ላይ ብታገኙኝ እንደማታውቁኝ እለፉኝ። በእናታችሁ!

ዛሬ የተዋረድኩት በአንድ ቃል ነው። አንድ! ቃሉን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እኔ ዳባት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ከናዝሬት ተመድቤ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የማወራው ከአከራዬ ከጋሽ ደሴ ጋር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ስለዚህ የማወራው ከራሴ ጋር ነው ማለት ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ክፉ ሰው ገጥሞኝ አይደለም። ስታፍ ሩም ውስጥ "ቲቸር፣ እንዴት አደርሽ?" ይሉኛል፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ ከዚያ ይደወላል። በቃ። ሁሉም ወደ ክፍሉ ይገባል።

ቦርሳዬ ውስጥ የተሞላ የዝውውር ፎርም አለ። ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። እና ለራሴ ምን አልኩ? "ይሄ ቅዳሜ ጥሩ ከሆነ እቀደዋለሁ። ካልሆነ አስገብቼ አገሬ እገባለሁ።"

ይሄ ቅዳሜ ማለት ዛሬ ነው።

ፕላኑ ሴልፍ ድራይቭ ሳፋሪ ነበር! አትሳቁ።

ፈረንጆች ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ራሳቸው እየነዱ፣ ሣር ሜዳ ላይ ቀጭኔ ሲያዩ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ትንሽ ፓርክ ናት፤ በአንድ ቀን ገብተው፣ አይተው፣ ምሳቸውን በልተው ይወጣሉ። "እኛስ አፍንጫችን ሥር ፓርክ አለን አይደል?" አልኩ። እርግጥ የእኛው ሜዳ ሳይሆን ገደል ነው። ቀጭኔም የለንም። ግን በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌለ ዋልያ አለን!

ጋሽ ደሴ አሮጌ መኪናቸውን አዋሱኝ። "ዳገት ላይ አታስቸኩያት" ብቻ ነው ያሉኝ። ከፓርኩ ስካውት፣ መሣሪያ የያዘ አጃቢ ማለት ነው፣ በስልክ ያዝኩ፤ ያለ ስካውት አይገባም። በኤክሴል ፕሮግራም ሠርቼ አምስት ኮፒ አሳተምኩ። አራት እንግዶችና ስካውቱ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ ሳይቀር ጽፌአለሁ! መኪና ለሚያስመልሰውም ፌስታል ገዛሁ።

ከዚያ የስታፉ ቴሌግራም ላይ ይቺን ለጠፍኩ፦ "ቅዳሜ ዋልያን ለማየት ወደ ደባርቅ እነዳለሁ። መኪናዬ ውስጥ አራት ቦታ አለ። ማን ይመጣል?"

በሁለት ደቂቃ ሞላ!

የሒሳቡ ሲሳይ፣ የእንግሊዝኛዋ ትዕግስት፣ ሁለቱ የስፖርት መምህራን። ሲሳይማ "ቲቸር፣ ለካ አንቺም የእኛ ሰው ነሽ!" ብሎ ጻፈ።

የእኛ ሰው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

(አሁን የገባችሁ ሰዎች ዝም በሉ። ገና ነው።)

"ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳ" አልኩ፤ የዱር እንስሳ የሚታየው በማለዳ ነዋ! "ኧረ ምን አስቸኮለሽ፣ አምስት ሰዓት ይበቃል" አሉኝ። ቅዳሜ ነው፣ መተኛት አምሯቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ዐሥር እንቁላል ቀቀልኩ፤ ለሰው ሁለት ሁለት።

አምስት ሰዓት ላይ መጡ። አራቱም ማሊያ ለብሰው! አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! ትዕግስት ጉንጯ ላይ ባንዲራ ተቀብታለች! እኔ ሞኟ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለአንድ የዱር ፍየል እንዲህ ያለ ክብር! እንዴት ያለ አገር ወዳድ ስታፍ ነው ያለኝ አልኩ።

መንገድ ላይ ሲሳይ "ዛሬ ስንት ትጠብቂያለሽ?" አለኝ።

"ሦስት እንኳ ካየን መታደል ነው።"

"ሦስት! አፍሽ ቁርጥ ይብላ!" መኪናዋ በጭብጨባ ተናጋች።

"ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚቆሙት" አልኩ፣ ባዮሎጂዬ ተነስቶብኝ፣ "ግን አይወድቁም።"

"ዘንድሮስ አይወድቁም!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ዘፈኑ፣ ሳቁ፣ የትዕግስት እጅ ትከሻዬ ላይ። ከዳባት ደባርቅ አጭር መንገድ ነው። ምነው በረዘመ እያልኩ ነዳሁ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ደባርቅ ደርሼ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አቆምኩ።

"እዚህ ምን እንሠራለን?" አለ ሲሳይ።

"ትኬት ልንቆርጥ ነዋ። ስካውቱም እየጠበቁን ነው።"

"የምን ስካውት?"

"ዋልያ ልናይ አይደል እንዴ የመጣነው?"

"አዎ፣ ትልቁ ስክሪን ያለው ሆቴል ግን ወዲያ ነው! ጨዋታው ሰባት ሰዓት ይጀምራል፣ ቦታ ይያዝብናል!"

ማሊያቸውን እንደገና አየሁት።

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ነው የሚባለው። ይሄን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔም አውቃለሁ! ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ቀንድና ሰኮና ሳነብ ከርሜ፣ ዋልያ ኳስ እንደሚጫወት ረሳሁታ!

ከዚያ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ትዕግስት የተቀባችው ባንዲራ በእንባዋ እስኪታጠብ ነው የሳቀችው። እኔም ሳቅኩ። የእኔው ግን ከጥርስ አላለፈም።

"ነይ፣ አብረን እንይ። ያኛው ዋልያ የትም አይሄድ" ብላ እጄን ሳበችኝ።

በዚህ ሰዓት ጤነኛ ሰው ምን ይላል? "እሺ" ይላል። አይደል?

እኔ ምን አልኩ? "አይ፣ እናንተ ሂዱ። እኔ ፕሮግራም አለኝ።"

ፕሮግራም አለኝ! ከማን ጋር? ከዐሥር እንቁላል ጋር!

ስካውቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። መሣሪያቸውን አንግተው መጡና መኪናው ውስጥ አጎንብሰው አዩ።

"አምስት ሰው ነው ተብዬ ነበር። ሰዎችሽ የታሉ ልጄ?"

"ዋልያ ሊያዩ ሄዱ፣ ጋሼ።"

"ወዴት?"

"ሆቴል።"

መሣሪያቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ዋልያ ሆቴል ገባ? ኧረ ምን ዘመን ላይ ደረስን!"

ማስረዳት አቃተኝ። መኪናዬን አስነሳሁ።

ኋላ ወንበር ላይ አራት የፕሮግራም ወረቀት ተቀምጧል፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ከዳር ዳር ይንሸራተታል። በመስታወት እያየሁት ነዳሁ። ዳገቱን ሳንጨርስ የጋሽ ደሴ መኪና ፈላች። በሞተሩ ክዳን ሥር ጭስ! እስክትበርድ መንገድ ዳር ተቀመጥን።

የተቀመጥነው ደግሞ የት? መቶ ጭላዳ ዝንጀሮ መሐል።

ጭላዳ ታውቃላችሁ፣ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ሲጠግብ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ የአንዱን ጠጉር ይፈታትሻል። ጀርባውን የሚያክክለት ያጣ አንድ እንኳ የለም። ክፍል ውስጥ "ማኅበራዊ ባሕርይ" ብዬ የማስተምረው ነገር ነው። ዛሬ ግን ሌላ ሆነብኝ።

ቀናሁ። በጭላዳ ቀናሁ!

"ዋልያውስ፣ ጋሼ?" አልኩ።

"ዋልያው ያለ ጨነቅ ነው። ይቺ መኪና አታደርስሽም።"

ጨነቅ የቦታ ስም ነው፤ ካምፕ ነው። እኔ ግን "እኔንም ጨንቆኛል" ብዬ እንቁላሉን አወጣሁ።

እሳቸው አንዱን ልጠው፣ ጨው ነክተው በሉና ሣህኑን አዩት። "ይኸ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?"

"ለአምስት።"

"ታዲያ ሰዎችሽ ነይ አላሉሽም?"

"ብለውኛል። ፕሮግራም አለኝ ብዬ ነው።"

"እንግዲህ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይኸ ነው ፕሮግራሙ?" ጭላዳውንም፣ የሚጨሰውንም መኪና፣ እንቁላሉንም አንድ ባንድ አዩ። "ሰው ነይ ሲል ይኬዳል እንጂ!"

ኩራት እራቱ የሚሉት ለእኔ ነው።

መኪናዋ ስትበርድ ወረድን። እሳቸውን አመስግኜ ደባርቅ አወረድኳቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ተራራው ላይ ኔትወርክ አልነበረም፤ አሁን ስልኬ ጮኸ። ጮኸ። አላቆም አለ። ሁሉም ከትዕግስት ነው።

"ወንበር ይዘንልሻል፣ ሁለተኛው ረድፍ።"

"ጃኬቴን አድርጌበታለሁ። ፕሮግራምሽን ጨርሰሽ ነይ።"

"የት ነሽ? ሲሳይ በወንበርሽ ከአንድ ሰውዬ ጋር ሊጣላ ነው።"

"ውይ መብራት ሄደ!!! መኪናሽን ይዘሽ ነይ፣ በሬዲዮ እንስማው!"

"ሰው ሁሉ ወጣ። እኛ ተቀምጠናል።"

"ደህና ነሽ ግን? አትመልሺማ።"

"ሚኒባሱ ሊሞላ ነው። ሄድን።"

መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ደባርቅ መሐል፣ በቀን ብርሃን! አንዲት ሴትዮ በመስኮት "አይዞሽ፣ ተሸነፍን እንዴ?" አለችኝ። "አላየሁትም" አልኳት።

ብቻዬን ወደ ዳባት ነዳሁ። ለትዕግስት "ደረስኩ" ብዬ ጻፍኩላት።

"ዋልያ አየሽ?" አለች።

"አላየሁም። እናንተስ?"

"እኛም። ስክሪኑ ጨለመ እኮ!" ከዚያ ቆይታ፦ "ሲሳይ ለወንበርሽ ሲሟገት ማሊያው ተቀደደ። ሰኞ ትሰፊለታለሽ።"

ሰኞ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ከፊቴ፣ ከስካውቱና ከእኔ የተረፉ ስድስት እንቁላልና ፎርሙ አሉ። ፎርሙ ላይ "የዝውውር ምክንያት" የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ከሳምንት በፊት "ሰው የለኝም" ብዬ ጽፌአለሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። በእስክሪብቶ።

እና እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ፣ ባልተቀመጣችሁበት አንድ ወንበር የተነሳ ዳባት ትቀራላችሁ?