ሁለት ስልቻና አንድ ባላ

ልጅን የሚያሰንፈው ፍቅር ነው፤ ስንፍናው በኋላ የሚመጣ ነው። እናቴ ይህን ብታነብ... ደግነቱ የማነብላት እኔ ነኝ። ይህን መስመር እዘለዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምት ሱሉልታ ስመለስ፣ እናቴ ሰርተፊኬቴን ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣኝ ቅቅል ድንች ትልጥልኝ ጀመር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ! ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ድንቹ ይጣፍጥ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በቀለ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ይህን አልወደደውም። ለመስከረም ሥራ አግኝቶ ወደ ጅማ ሊሄድ ነው፤ እህል ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሐሙስ ጠዋት አህያችንን ከሁለት ስልቻ ገብስ ጋር ግቢ መሃል አቁሞ ብቻህን ጫን አለኝ።

ብቻውን የሚጭን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ስልቻ አህያዋ ጎን ላይ ያነሣና ከሥሩ ባላ እንጨት ይተክልለታል። ባላው ደግፎ ሲያቆይለት ዞሮ ሌላውን ይጭናል። እናቴ ባላ ልትሆንልኝ እየሮጠች ወጣች። ወንድም ጋሼ እጁን ዘርግቶ ከለከላት። አባታችን፣ እንግዲያው ግማሹን ትያዝለት ብለው ሊያስታርቁ ሞከሩ። የሰማቸው የለም።

እኔ በፊዚክስ የሚዛንን ሕግ አሳምሬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። አህያዋ ግን አልተማረችም። ጫንኩ፣ ጠፈርኩ፣ በኩራት «ሂጂ!» አልኳት። ንቅንቅ አላለችም፤ የምትሰማው ኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ስነግራት ሄደች... ባላውን ሳላነሣ። እንጨቱ እግሯ መሃል ገባ፤ ጭነቱ ሆዷ ሥር ዞረ፤ ገብሱ ተዘረገፈ። ዶሮዎቹ በዓል አደረጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ያሰርኩት እኮ ቆሜ ነበር!

ወንድም ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«ልጄን አዋረድከው» አለች እናቴ።

እሱ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እማዬ፣ ባላው የሚያስፈልገው ጫኚው ዞሮ እስኪመጣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ካልተነሣ፣ የሚጥለው እሱ ራሱ ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ወንድም ጋሼ ሆዴን አለ። በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድነው። አልተመለሰም... ማለቴ ተመልሷል። እንደሄደ ግን አልተመለሰም። ዓርብ ቀበርነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶበት ዱቄት አለቀ ተባለ። ተነሣሁ። አህያዋን አወጣሁ፤ አንዱን ስልቻ አንሥቼ ባላውን ተከልኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ሌላውን ሊያነሡልኝ ብድግ አሉ።

«ይተዉት፣ ኦቦ ቱሉ» አለች እናቴ ከተቀመጠችበት። «ራሱ ይዞራል።»

ዞርኩ። ጫንኩ። ጠፈርኩ። ባላውን አነሣሁና በኦሮምኛ ሂጂ አልኳት።

በሩን ስወጣ ግን እናቴ ደረሰችብኝ። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ድንች ነው... ተልጧል። ወፍጮ ቤት እስክደርስ እያለቀስኩ በላሁት።

ይጣፍጥ ነበር።