ጋሼ በቀለ ያረሙት ሥዕል

ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም «አላውቅም» ማለት ለምን እንደሚያሳፍረው አይገባኝም። መካኒክ ፊት ኪሱን እየዳበሰ «አንተ ታውቃለህ» የሚለው ሁሉ፣ ሥዕል ፊት ሲደርስ አራት ዓይና ሊቅ ነው። ይህን የምላችሁ ተቃጥዬ ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ምግብ ቤቴ አንዱን ግድግዳዋን እርጥበት ቢበላባት፣ ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ቤታቸውን ከሚለቁ አሮጊት ትልቅ ሥዕል ገዝቼ ሸፈንኩት። የድሮ የአውሮፓ ሥዕል ቅጂ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ በቅጠሉ መሀል የሚፈስ ወርቃማ ብርሃን፣ ግንድ በመጋዝ የሚሰነጥቁ ሁለት የገጠር ሰዎች። አንዱ ግንዱ ላይ ቆሟል፤ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ከታች ይስባል። በቃ። ግድግዳ መሸፈኛ!

ምን ያደርጋል፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ጥብስ ያዘዘ ሁሉ ትርጓሜ ይመርቅልኛል። አንድ ዲያቆን «የላይኛው ነፍስ፣ የታችኛው ሥጋ ነው» አለኝ። አንድ የታክሲ ሹፌር «የላይኛው ሱፐርቫይዘር ነው፤ አይታይህም?» አለ። ኮሌጅ አርት የምትማረው የእህቴ ልጅ ሜሮንማ፣ ሳህን ይዛ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ «ሶ፣ ይሄ ሮማንቲክ ነው፤ ሰውና ኔቸር ታርቀው፣ ፒስ ነው» እያለች ሌክቸር ታደርጋለች። ወጡ ይበርዳል፣ እኔ እግላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ጋሼ በቀለ መጡ። ከጎናችን ያለውን ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉን ቀና ብለው አይተው መነጽራቸውን ወለወሉ።

«እርስዎም ሊተረጉሙ ነው?» አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«ሽብልቅ የለውም» አሉ።

«ምን?»

«ግንዱ። በሽብልቅ ካልተያዘ ይንከባለላል። ጅማ ጫካ ውስጥ ጣውላ ስንሰነጥቅ እኔ ላይ ነበርኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ታች። ሽብልቁን ማስገባት የኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «በማግስቱ ቀበርነው።»

ጋሼ ትዕዛዝ ልትጽፍ አጠገባችን ከቆመችው ከሜሮን እጅ እስክሪብቶ ተቀብለው ወንበር ላይ ወጡ። ወንበሩን ያዝኩላቸው። ከግንዱ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሽብልቅ ሣሉ።

«ኖ! ጋሼ፣ አርት እኮ ነው!» ብላ ጮኸች ሜሮን።

«መሆኑስ ነው ልጄ» አሉ ሳይዞሩ፤ «ታች ያለው ግን ሰው ነው።»

ወርደው እጃቸውን ታጠቡና ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አድርገው ምሳቸውን በሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ከፓልምስ ሰፈር የመጣ ደንበኛ፣ ሁለቱ ሽብልቆች የሠዓሊው ስውር ፊርማ መሆናቸውን ለግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። አላረምኩትም። ሽሮው እንዳይቀዘቅዝበት ብቻ ነገርኩት።