መስመር ላይ የማይቆም እጅ

ሀበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ እጁ መስመር ላይ የማይቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ብርጭቆው ላይ "እስከዚህ" ብላችሁ ጣታችሁን ብታሳዩት ከጣታችሁ በላይ ይቀዳል። ብሎን ጠበቀ ሲባል አንድ ዙር ይጨምርለታል። መንገድ ብትጠይቁት የምትፈልጉትን ቤት ካሳያችሁ በኋላ ያልጠየቃችኋቸውን ሁለት ቤቶች ያሳያችኋል፤ ከአንደኛው ቤት ሰዎች ጋርም ያስተዋውቃችኋል። የሚያጎድል ሰው ስስታም ይባላል። ለዚህኛው ግን እስካሁን ስም የወጣለት አይመስልም። ፍራንክፈርት ላይ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሽ ዘርእዝጊ ናቸው።

ጋሽ ዘርእዝጊ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ነው ያደጉት፤ የተማሩትም እዚያው በአማርኛ ነው። ሙያቸውን የለመዱት በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጠባያቸው ግን የጋራዥ ሳይሆን የገበያ ነው። እናታቸው መርካቶ በርበሬ ይሸጡ ነበር፤ በእሳቸው ሕግ፣ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ አንድ እፍኝ ምርቃት ያልጨመረ ነጋዴ ሌባ ባይሆን እንኳ የሌባ ዘመድ ነው። ልጃቸው ይህን ሕግ ይዘው፣ ለሁሉም ነገር መስመር ተሰምሮ ወደሚኖርበት አገር መጡ።

"ይቺ ደግሞ ምርቃት" ይላሉ ሥራው ካለቀ በኋላ። መጠንቀቅ ያኔ ነው።

የጎረቤታቸውን የወንድይራድን ብስክሌት ጎማ የነፉለት ቀን፣ ልጁ ኦስትሃፈን ወደብ እስካለው የሥራ መጋዘኑ ድረስ በየጠጠሩ ላይ እየነጠረ ሄዶ፣ እየነጠረ ተመለሰ።

"ጋሽዬ፣ የነፉልኝ አየር ነው ድንጋይ?" አላቸው።

"መንገድ ላይ እንዳይጎድልብህ ብዬ ነው" አሉት፣ ምስጋናውን እየጠበቁ።

የራሳቸው ኩሽና ቧንቧ ደግሞ ከተጠገነ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በእሳቸው እጅ ካልሆነ አልከፈት ብሎ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ለተኪዳን ሽንኩርት ለማጠብ ባላቸውን ከሥራ ይጠብቁ ነበር። ሐኪም ለጉልበታቸው በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ሲያዝላቸው፣ የማይንን ወንዝ ተከትለው ሦስት ሰዓት ተራመዱና ጉልበታቸው ዱባ አክሎ ወደዚያው ሐኪም ሄዱ። የተራመዱትንም ነገሩት፣ በኩራት።

የሚሠሩት እዚያው ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር፣ ሞተርሳይክልና የሣር ማጨጃ በሚጠገንባት አነስተኛ ቬርክሽታት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አሠሪያቸው ሄር ኪልፕ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቱታውን አንድም ቀን አላጎደለባቸውም፣ ሌላም ብዙ ነገር አልጨመረላቸውም። የማይስተር፣ ማለትም የዋና ባለሙያነት፣ ወረቀት ስለሌላቸው፣ ጋሽ ዘርእዝጊ የጠገኑትን ሁሉ በሥራ ወረቀቱ ግርጌ የሚፈርመው እሱ ነበር። በፈረንጆቹ 2011 መኸር ላይ ግን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ የሠሩትን ራስዎ ይፈርሙ" አለ። በዚያው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ቀን እትዬ ለተኪዳን ያልደወሉለት ዘመድ የለም። ስቶክሆልም ያሉት እህታቸው ሁለት ጊዜ ሰሙት። እኛ የከተማው ሀበሾችም ኮራን፤ ፊርማው የእኛም የሆነ ያህል።

ሦስተኛው ፊርማ ያረፈው በበረዶ ሞተር ላይ ነበር። ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው። የሞተሩ ባለቤት ፍራው ቬንት ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤ በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና በተጎታች ጭና ሰሜን ስዊድን ትወስደዋለች። የፊተኞቹ ሁለት አሞርዛተሮች እንደ ሌላው በተጠቀለለ ብረት ሳይሆን በታመቀ አየር የሚሠሩ ናቸው፤ መንሸራተቻው ጉብታ ሲመታ አየሩ እየተጨመቀ ምቱን ይውጠዋል። አየሩን አፍኖ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒያቸው፣ አርጅቶ ነበር። ጋሽ ዘርእዝጊ ፈቱ፣ ጎሚኒውን ቀየሩ፣ ዘይት ጨመሩ፣ አየር ነፉ፣ ፈረሙ። ፍራው ቬንትም ጭና ሄደች።

በጥር፣ አንድ ረቡዕ፣ ተጎታቹን እየሳበች ተመለሰች።

"እንደ ጣውላ ደርቋል" አለች ወገቧን ይዛ። "እያንዳንዱን ጉብታ በጀርባዬ ነው የቆጠርኩት። ቅዳሜ ደግሞ ወደ ስዊድን የምመለስበት መርከብ ይዣለሁ።"

ሄር ኪልፕ በአንድ እጁ ተጭኖ አየው። "ጎሚኒዎቹ ሲመጡም ብልሹ ሳይሆኑ አይቀሩም" አለ። "ለላኩልን ሰዎች አሁኑኑ እጽፋለሁ።" ቢሮው ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ጋሽ ዘርእዝጊ ከማሽኑ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሳቸው ነው።

መጀመሪያ ፊቱን በክሪክ አንሥተው መንሸራተቻዎቹን አየር ላይ አንጠለጠሉ፤ ሸክም ያለበት አሞርዛተር ትክክለኛ ግፊቱን አይናገርም። ትንሿን የእጅ ፓምፕ አጥብቀው የግፊት ሰዓቷን አዩ። የጥገና መጽሐፉ ከሚለው ከፍ ይላል። ምክንያቱም ወዲያው ትዝ አላቸው። ያኔ ፓምፑን ሲነቅሉ "ፊስስ" የሚል ድምፅ ሰምተው፣ የወጣውን ለመተካት ነፍተው ነበር። የተነፈሰው ግን የፓምፑ ቱቦ ነው እንጂ አሞርዛተሩ አይደለም። "ይኸው፣ ይኼ ብቻ ነው" አሉ ለራሳቸው፣ ቀለል ብሏቸው። አየሩን ወደ ልኩ መለሱና ማሽኑን አውርደው በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት።

ሲጀምር እሺ አለ። ከመንገዱ ከግማሽ ትንሽ እንዳለፈ ግን ግድግዳ ሆነ።

ዘንጉ ጎብጦ እንደሆነ አዩ፤ ቀጥ ያለ ነው። አየሩን ጨርሰው አስወጡና በእጃቸው ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉት፤ የሚይዘው ነገር የለም፣ ግራሶውም አልደረቀም። እንግዲህ ሲጀምር ለስላሳ ሆኖ መጨረሻው ላይ የሚጠጥር ከሆነ፣ ውስጥ ያለው አየር የሚሸሽበት ቦታ አጥቷል ማለት ነው። አየር ይታመቃል፤ ዘይት አይታመቅም። የአየሩን ቤት ዘይት ገብቶ ከያዘበት...

እዚህ ላይ ካቻቢቴውን አስቀመጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

መጽሐፉ አምስት ሚሊ ሊትር ይላል፣ በሲሪንጅ ተለክቶ። ሰውነታቸው ያስታውሳል፤ ያን ቀን አምስቷን ከጨመሩ በኋላ ያን ሁሉ ብርድ አሰቡ፣ ያቺን ጠብታ የምታህል ዘይት አዩ፣ አንጀታቸው አልችል አለ።

"ይቺ ደግሞ ምርቃት" ብለው ነበር።

ተነሥተው የአሞርዛተሩን የውጭ ቱቦ ፈቱና ብርጭቆ ላይ ዘቀዘቁት። የወረደው ዘይት ከውስጥ የፈሰሰ ጥቁር ዘይት አልነበረም፤ ጥርት ያለ፣ አዲስ፣ በገዛ እጃቸው የገባ ነው። በሲሪንጁ መልሰው ለኩት። ሃያ። ሌላኛውንም ፈቱ። ሃያ። ጋሽ ዘርእዝጊ አድልዎ አያውቁም።

ከቢሮው ኪልፕ ፊደል ሲመታ ይሰማል፤ በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ጊዜ አለ። ጨርቁ በእጃቸው ነው። ብርጭቆውን መድፋት፣ አምስት አምስት ጨምሮ መግጠም፣ ጎሚኒውን መውቀስ፣ ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ነገር ነበር። ኪልፕ እስክሪብቶውን መልሶ እንደሚወስድ ደግሞ አልተጠራጠሩም። እሳቸውም በእሱ ቦታ ቢሆኑ ይወስዱ ነበር።

ብርጭቆውን ይዘው ገቡ።

"ሄር ኪልፕ፣ ደብዳቤውን ይተዉት።"

"አገኙት?"

"አምስት ይላል። ሃያ ነው።"

ኪልፕ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ብርጭቆውን አየ። "ማን ጨመረው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

ጋሽ ዘርእዝጊ በሃያ ስድስት ዓመት ከሰበሰቡት ጀርመንኛ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቃል ፈልገው አጡ። "አሳዘነኝ" አሉ በመጨረሻ። "አገሩ ይበርዳል።"

ኪልፕ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ የጻፈውን በአንድ ጣት ፊደል በፊደል አጠፋው። "ቅዳሜ ትሄዳለች" አለ።

ሐሙስን ሙሉ ሠሩ። ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጉ፣ ጎሚኒውን መልሰው በግራሶ አራሱ፣ ሲሪንጁን አነሡ። አምስተኛው ጭረት ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው የራሱ አሳብ ያለው መሰለ፤ በሌላኛው እጃቸው ያዙት። ፓምፑን ሲነቅሉ "ፊስስ" አለ። ጋሽ ዘርእዝጊ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው እስኪጨርስ ቆሙ። ከሃያ ስድስቱ የጀርመን ዓመታት ከባዷ ደቂቃ ይቺ ሳትሆን አትቀርም።

ዓርብ ከሰዓት ፍራው ቬንት መጥታ ተቀመጠችበት። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ በኃይል ዘፍ አለችበት። አሞርዛተሩ ዝቅ ብሎ ተቀበላትና በእርጋታ መለሳት።

"ምን ሆኖ ነበር?" አለች።

ሄር ኪልፕ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ዘርእዝጊ። "ዘይት አብዝቼበት ነበር።"

ሴትዮዋ ከማሽኑ ሳትወርድ አየቻቸው። "አርባ ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ሠርቻለሁ" አለች፤ "ይህን ዓረፍተ ነገር አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም።"

ተጎታቹ ከግቢው ሲወጣ ጋሽ ዘርእዝጊ ወረቀቱን ሞሉ። "የብልሽቱ ምክንያት" በሚለው ቦታ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ዘይት በዝቷል፣ ያበዛሁት እኔ ነኝ ብለው ጻፉና ፈረሙ። ኪልፕ አነበበው።

"ይህን መጻፍ አላስፈለገዎትም።"

"ስሜ ያለበት ወረቀት ነው" አሉት።

ኪልፕ ወረቀቱን አቃፊው ውስጥ አስገባ። ከዚያ የአንድ ሞተርሳይክል የሥራ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ወደ እሳቸው ገፋና ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

ወሬው ሲደርሰን ከመጀመሪያው ፊርማ ይልቅ በዚህኛው ኮራን። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ዘርእዝጊ ትምህርቱን ከምር ወሰዱት፤ ትምህርቱንም አበዙት። ልኩን አግኝተዋልና ሁሉን በልክ ያዙ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው "ደህና ነህ?" ይሉና "ደህና" ሲላቸው ያልፉ ጀመር። ስለ እናት የለ፣ ስለ ወንድም የለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሰው ተጨነቀ። ወንድይራድ ሳይቀር እትዬ ለተኪዳን ጋ ደውሎ፣ "ጋሽዬ ታመዋል እንዴ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደህና ነህ ያሉኝ" አላቸው።

እትዬ ለተኪዳን ስልኩን ዘግተው ባላቸው ፊት ቆሙ። እትዬም ቤት ውስጥ ከባላቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሚበቃው በላይ አንድ ቃል አልሰሙም ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አሉ፣ "ማሽኑን ለካው። እኔን አትለካኝ።"

በማግስቱ ጋሽ ዘርእዝጊ ወንድይራድን ኤስ-ባን ጣቢያው ላይ አገኙት። ደህንነቱን ጠየቁ፣ እናቱን ጠየቁ፣ ወንድሞቹን በየስማቸው ጠየቁ፣ የአጎቱን ዓይን ቀዶ ጥገናና የእህቱን ፈተና ጠየቁ። አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጥቶ ሄደ። ሦስተኛው ሲቃረብ ጋሽ ዘርእዝጊ ሰዓታቸውን አይተው ደንገጥ አሉና እጃቸውን ለስንብት ዘረጉ።

ወንድይራድ እጃቸውን ይዞ አለቀቀም።

"ጋሽዬ" አላቸው፣ "አማቴን ረሱ።"