ድምፅዎ እኛ ጋ አለ

እማዋይሽ ስትዘፍን ነው ያረጀችው። ገና በልጅነቷ የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብታ፣ ከጥሩምባው በላይ በሚሰማ ድምፅ ፈረንጆች ሶል የሚሉትን፣ ነፍስን ይዞ የሚወጣውን ዘፈን ዘፈነች። ዝነኛ ያደረጋት ግን አንድ ዘፈን ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንድ ሰው ቃል ገብቶላት ሄዷል፣ እሷ በሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች፤ አዝማቹም «ይመጣል» የሚል ነው።

አዛዦች ተለዋወጡ። የመጣው ሁሉ የራሱን ልብስ አለበሳት፦ አንዱ ሐር፣ አንዱ ካኪ፣ አንዱ ደግሞ በያይነቱ ጥለት የተጣፈ ቀሚስ። ሁሉም በየተራ «ይመጣል»ን አዘፈኗት፣ ሁሉም ስለ እነሱ የተዘፈነ መሰላቸው። ጣሪያዋ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያፈስ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየላት የለም።

ዘንድሮ የክብር በዓል ተዘጋጀላት። የበዓሉን ኮሚቴ የሚመሩት አቶ ገዛኸኝ እሷ በሌለችበት ስለ እሷ ሲናገሩ የሚያለቅሱ፣ እሷ ስትመጣ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው። በልምምዱ ዕለት ማይክራፎን ሰጧት። መታ መታ አደረገችው።

«ይኼ እኮ አይሠራም።»

«ለፎቶ ነው እትዬ። ፕሌይባክ ነው የምንጠቀመው፣ ድሮ የተቀዳውን እንለቃለን፤ እርስዎ አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

«ድምፄስ?»

«ድምፅዎ እኛ ጋ አለ። ያኔ ሰጥተውናል፤ በደንብ ተቀምጧል።»

«እሱማ የልጅነቴ ነው። ያኔ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። አብረውኝ ለጠበቁት ይኼን ራሴ ልንገራቸው።»

«ሕዝቡ የለመደው የድሮውን ነው» አሉ አቶ ገዛኸኝ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

ያናድዳል። ሰው በሕይወት ቁጭ ብሎ ድምፁን ሌላ ይይዝለታል? ለዚያውም አመስግን እየተባለ!

በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ስለ እማዋይሽ ድምፅ ብዙ ሰዎች ንግግር አደረጉ፤ የሁሉም ማይክራፎን ይሠራል። ከባድ ካባ ደረቡላት፣ ትከሻዋ ጎበጠ። ከዚያ ዘፈኑ ተለቀቀ። ወጣቷ እማዋይሽ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ «ይመጣል» ስትል፣ አሮጊቷ አፏን ከፈት ዘጋ አደረገች። ሰው አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡት እንዲያውም እንባቸውን ጠረጉ።

መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሻካራ ነው፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ግን ከሕያው ደረት የወጣ ነው። «አልመጣም» አለ። በሯን ከፍታ ስትጠብቅ የገባው ብርድ ብቻ እንደሆነ፣ አሁን ግን ራሷ ልትወጣ ጫማዋን እየፈለገች እንደሆነ ዘፈነች። መጀመሪያ የተቀበሏት ከኋላ ያሉት ናቸው። ቀጥሎ መሃሉ ተቀበለ። ከፊት ያሉት ብቻ ማን ማን እንደሚዘፍን ለማየት የስልካቸውን መብራት ወደ ኋላ አዞሩ። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ ሁሉም እየዘፈነ ነበር።

ውጭ ጄኔሬተሩ ተነሣ። አምፖሎቹ ቦግ አሉ፣ ድምፅ ማጉያውም «ይመጣል» እያለ የእሷንም የሰውንም ዋጠው። እማዋይሽ በዚህ ጊዜ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ቆመች፤ ዘፈኑ ያለ እሷ ቀጠለ።

አቶ ገዛኸኝ ላባቸውን እየጠረጉ የሚሠራውን ማይክራፎን አነሡ።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ ለተፈጠረው የድምፅ መቋረጥ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»